ለፎቶ ማረሚያና ማከማቻ የሚሆን ኮምፒውተር ለመምረጥ ምክራችሁን እሻለሁ

የምጠቀምበት ዴስክቶፕ 8 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ብቻ ያለው በመሆኑ፣ በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ያነሳኋቸውን የሮው ፋይሎች (ገና ያልታረሙ ጥሬ የካሜራ ምስሎች) ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍቼ የሰውዬው ዓይን መጥራቱን ለማየት ሳጎላ፣ ምስሉ ለብዙ ሰከንዶች ደብዝዞ ይቆያል፤ አንዳንዴማ ካሜራው ትኩረቱን ስቶ ይሁን ኮምፒውተሩ ዘግይቶ መለየት ያቅተኛል።

ያለኝ ገንዘብ ሁሉን በአንዴ ለማሟላት ስለማይበቃ፣ ራሙን ወደ 32 ጊጋባይት ከማሳደግና ፕሮግራሙን ከነካታሎጉ (የፎቶዎቹንና የእርማቶቻቸውን መዝገብ ከያዘው ፋይል ጋር) ወደ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር አካል ወደሌለው ፈጣን ማከማቻ፣ ከማዛወር የትኛውን ላስቀድም? ኃይለኛ ግራፊክስ ካርድ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራውን የኖይዝ (በፎቶ ላይ የሚታይ የነጠብጣብ ብናኝ) ማጥፊያ እንደሚያፋጥን ባውቅም፣ እኔ እምብዛም ስለማልጠቀምበት ገንዘቡን የኤስአርጂቢ (በድረ ገጾችና በአብዛኞቹ ስክሪኖች የተለመደው የቀለም ክልል) ቀለሞችን በሙሉ ለሚያሳይ ሞኒተር ባውለው ይሻላል ባይ ነኝ።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ማከማቻው ነው። ወደ 2 ቴራባይት የሚጠጋ ፎቶ ያለኝ ሲሆን፣ ሁለት ዲስኮችን በሬይድ 1 (አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆን) ማጣመር አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ቢያድነኝም፣ በስህተት የሰረዝኩት ፎቶ ወዲያው ከሁለቱም ስለሚጠፋ እንደ መጠባበቂያ ቅጂ ልቆጥረው አልችልም። ታዲያ ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስኮችን እያፈራረቅሁ አንዱን ሌላ ቤት ማስቀመጥ ይበቃኛል ወይስ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝ ማከማቻ መግዛት ይኖርብኛል? ሁለቱንም የሞከራችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።