ጋራዡን የሚመርጠው ማነው፤ ባለመኪናዋ ወይስ ኢንሹራንሱ?

(ተናጋሪዎቹ በየሰፈራቸው ስም ተጠርተዋል።)

ቱሉ ዲምቱ፦ ሰላም ሾፌሮች። ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ። ከኮንዶሚኒየሙ ስወጣ ባጃጅ ሸሽቼ ቪትዜን ከመብራት ምሰሶ ጋር አላተምኳት፤ የኋላ በርና ፓራፋንጎው (የጎማው ሽፋን) ገባ። እዚሁ ሰፈር ለዓመታት የማውቀው ባትላሜራ (የተጎዳ የመኪና አካል የሚያቃና ባለሙያ) አለ። ኢንሹራንሱ ግን «ከእኛ ጋር ውል ያለው ጋራዥ ካልሆነ አይሆንም» ብሎ መሃል ከተማ ላከኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተረከብኳት። ፀሐይ ላይ ሳቆማት በሩ ወተት፣ ሌላው ቅቤ መሰለ። ልጄ የፍሪጅ ማግኔት ብትለጥፍበት ዘጭ አለ። ለካ ውስጡ ብረት ሳይሆን ስቱኮ (መሙያ ልስን) ነው! አረቦኑን የምከፍል እኔ፣ መኪናዋ የእኔ፤ ታዲያ ለምን አልመርጥም?

አያት፦ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነኝ። እህቴ፣ ያሳዝናል፤ ግን ምርጫው ለደንበኛ ሲለቀቅ የሚመጣውን ፕሮፎርማ (የጋራዡን የዋጋ ማቅረቢያ) የማየው እኔ ነኝ። የተገጨው ፓራውልት (መከላከያው) ብቻ፤ የተጻፈው ፓራውልት፣ ሁለት ፍሬቻ፣ ኮፈን፣ የአምናው ጭረትም ተጨምሮ። የ1952ቱ ንግድ ሕግ የንብረት ኢንሹራንስ የካሳ ውል ነው ይላል፤ ካሳው ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። ወደነበረበት መመለስ እንጂ ማሳመር አይደለም።

ለገጣፎ፦ ወንድሜ፣ ራስህን ረታህ። የእሷ በር ወደነበረበት ተመለሰ?

አያት፦ አልተመለሰም። ግን ርክክቡ ላይ ሳትፈርሚ ቅሬታሽን ማስመዝገብ ነበረብሽ።

ቱሉ ዲምቱ፦ ስረከብ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር። በጨለማ ነጭ ሁሉ ነጭ ነው።

ባትላሜራው፣ የካ አባዶ፦ ልጆቼ፣ እናንተ ስለ መራጩ ትከራከራላችሁ፣ እኔ ስለ ዋጋው ልናገር። ፕሮፎርማ ከሦስት ጋራዥ ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛው ይወስዳል። የገባ ላሜራ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ሲቃና ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ስቱኮ ሞልቶ ለመላግ ግማሽ ቀን ይበቃል። በዝቅተኛው ዋጋ የትኛውን ልሥራ? ቀለሙም እንዲሁ ነው። የፋብሪካው የቀለም ቁጥር መኪናው ላይ አለ፤ ግን ዓመታት ፀሐይ የመታው ነጭ ከቁጥሩ ጋር አይገጥምም። በዓይን እየሞከሩ መበጥበጥ፣ ልዩነቱ እንዳይታይ አጠገቡ ወዳለው አካል እያሳሱ መርጨት ያስፈልጋል። ይህን የሚከፍል የለም። ውል ያለው ጋራዥ ሁሉ ሌባ ነው አልልም። ሌባ በእኛም ሰፈር አለ፤ ስሙን አልጠራም እንጂ!

ሰበታ፦ እኔ የማየው ቀኑን ነው። በመኪናዬ ነው የምበላው፤ ሦስት ሳምንት ቆመች ማለት የልጆች ዳቦ ቀረ ማለት ነው። ደግሞ ከሰበታ ገርጂ ድረስ በክሬን! ሰፈሬ ብትሠራ ማታ ማታ ቆሜ አሠራለሁ።

ጀሞ፦ በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ባለመኪናው ጋራዥ የመምረጥ መብት እንዳለው የኢንሹራንስ ውሉ ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። ካሊፎርኒያም ኢንሹራንሱ «እዚህ ጋራዥ ብቻ» ብሎ ማስገደድ አይችልም። እኔ ትናንት የራሴን ውል ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩት፤ ስለ ጋራዥ ምርጫ አንድ ቃል የለውም። የመኪናዬ ወንበር ቁጥር እንኳ ተጽፏል።

አያት፦ የእኛ ውል «ጥገናው በኩባንያው ፈቃድ» ይላል። ፈቃድ ማለት ግን መምረጥ ነው ወይ ካላችሁኝ፣ እኔም አላምንበትም።

ለገጣፎ፦ እንግዲያው ኢንሹራንሱ የገመተውን ይክፈል፣ የመረጠ ሰው ልዩነቱን ከኪሱ ይሙላ።

ባትላሜራው፣ የካ አባዶ፦ በአፍ ቀላል ነው። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደህ የቪትዝ በር ጠይቀህ ታውቃለህ? የተገመተ ዕለትና የሚገዛ ዕለት ዋጋው አንድ አይደለም።

ቱሉ ዲምቱ፦ ብሞላም እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ሲበላሽ የምወቅሰውን ሰው አውቀዋለሁ። ጋሼ፣ ቅዳሜ በሩን እንዲያዩልኝ ላምጣት?

ባትላሜራው፣ የካ አባዶ፦ አምጪያት ልጄ፣ ረፋዱ ላይ፣ ፀሐይ ሳለ። ማግኔቱንም ያዢ።