የኦቨን በር ሞላው በጣም ጠነከረብኝ፤ ልቁረጠው ወይስ ማጠፊያውን ልቀይር?

ጋጋሪዋ (አዳማ)
ሰላም ለሁላችሁ። ስቶቩ ባለ 4 ምድጃ፣ 60 በ60 ሳ.ሜ. የሆነ የጋዝ ነው፤ የኦቨኑ በር ሁለት መስታወት አለው። የቀኙ ማጠፊያ ደክሞ በሩ ስለዘመመ ከሌላ አሮጌ ስቶቭ የተፈታ ማጠፊያ ተገጠመለት። ርዝመቱም የብሎን ቀዳዳውም ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በሩ የሚከፈተው በሁለት እጅ ተስቦ ነው፤ ግማሽ ላይ አይቆምም፣ ከለቀቁት ደግሞ ጓ ብሎ ይዘጋል። ተዘግቶም በግራ በኩል ላይኛው ጥግ ላይ ትንፋሽ ያወጣል፤ ድፎው በዚያ በኩል አይበስልም። ሰፈር ያለ በያጅ «የማጠፊያውን ሞላ ሁለት ሦስት ዙር ልቁረጥልሽ» ይላል። ምን ትላላችሁ?

ሮንዴላ
እህቴ፣ እንዳታስቆርጪው። ሞላ ሲቆረጥ የሚላላ ይመስላል፤ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። 20 ዙር ያለው ሞላ 16 ዙር ቢቀርለት ያንኑ ያህል ለመሳብ ሩብ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። የሚሳብ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ስላጠረ ገና ሲገጠም ተወጥሮ ይጀምራል። የሚጨመቅ ዓይነት ከሆነ መነሻው ላይ ላልቶ በሩን አጥብቆ አይዘጋም፤ መጨረሻው ላይ ዙሮቹ ተነካክተው ሙሉ በሙሉ እንዳይከፈት ያደርጉታል። በእሳት ማለስለሱም አይሆንም፤ ብረቱ ኃይሉን ያጣና በሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

የገባልሽ ማጠፊያ ለከባድ በር የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ባለ ሦስት መስታወት ወይም የ90 ሳ.ሜ. ስቶቭ ሊሆን ይችላል። ተመሳሳይ የማጠፊያ አካል ላይ የተለያየ ሞላ ስለሚገጠም የቀዳዳው መግጠም ምንም አያረጋግጥም። ሽቦው ከ2 ወደ 2.2 ሚ.ሜ. ቢወፍር ብቻ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ፣ ጉልበቱ በ46 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ይህን በዓይን አትለይውም፣ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ነው የሚለካው። የግራ ጥግሽ የሚተነፍሰውም ለዚህ ነው፦ ቀኙ ጠንካራ፣ ግራው የደከመ፣ በሩ መሃል ላይ ይጠመዘዛል።

ሁለቱንም ቀይሪ፣ ጥንድ ሆነው ከአንድ ዓይነት። ለናሙና ይዘሽ የምትሄጂው የግራውን ነው፤ ፋብሪካው የገጠመው እሱ ነውና። የአካሉን ርዝመትና ስፋት፣ ከብሎን ቀዳዳ መሃል እስከ ቀዳዳ መሃል ያለውን፣ የክንዱን (ወደ ስቶቩ የሚገባውን ብረት) ርዝመት፣ ክንዱ ላይ ጥርሱ ያለበትን ቦታ፣ የሞላውን ሽቦ ውፍረት ጻፊ። የበሩንም ክብደት ያዢ፤ በሩን ይዘሽ ሚዛን ላይ ወጥተሽ የራስሽን መቀነስ ነው።

ካቻቢቴ
ሮንዴላ ያለው ልክ ነው፤ አደጋው ያለው ግን በሩን ማውረዱ ላይ ነው።

ሲሊንደሩን ዝጊ፣ ሶኬቱን ንቀይ፣ ኦቨኑ ይቀዝቅዝ። በሩን እስከ መጨረሻው ክፈቺ። ማጠፊያው ወደ ስቶቩ አካል በሚገባበት ቦታ በግራም በቀኝም የምትገለበጥ ትንሽ መቆለፊያ ብረት አለች፤ በካቻቢቴ ጫፍ አንስተሽ ጥርሱን እስክትይዝ ድረስ ገልብጫት። ከዚያ በሩን ቀስ ብለሽ ወደ መዝጋት አምጪው፣ ራሱ ያቆምሻል። እጀታውን ሳይሆን ሁለቱን ጎን ይዘሽ ወደ ላይ አንስተሽ ሳቢ። መቆለፊያ የሌለው ከሆነ ክንዱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ፈልጊ፤ በሩ ሙሉ በሙሉ እንደተከፈተ በሁለቱም በኩል ምስማር ይገባበታል። ሳይቆለፍ የወጣ ክንድ በሞላው ሙሉ ጉልበት ይታጠፋል፣ ጣት ይሰብራል። በክንዱና በበሩ መካከል እጅ አይገባም፣ ጓንት ቢኖርም።

በሩን የታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስተኚው፣ እጀታው ከጠረጴዛው ጠርዝ ወጣ ይበል። መስታወቱን ስታወጪ የትኛው ፊት ወደ ውስጥ እንደነበር ምልክት አድርጊ። ይህ መስታወት ፊቱ ላይ ጠንካራ፣ ጠርዙ ላይ ግን ደካማ ነው፤ ሴራሚክ ወለል ላይ በጠርዙ ካቆምሽው ሊበተን ይችላል። ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ ቀይሪ፣ ያልተነካው መመሪያ ይሆንሻል። ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ አስይዢ፣ ከዚያ አጥብቂ፤ በድሪል አታጥብቂ።

ስትመልሺ ሁለቱ ክንዶች እኩል ይግቡ። በሩን ሙሉ በሙሉ ከፍተሽ ሁለቱንም መቆለፊያ መልሺ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ዝጊ። አንዱ ተረስቶ ከተዘጋ ማጠፊያው ይጣመማል ወይም የስቶቩን ላሜራ ይቀድዳል።

ጋጋሪዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መቆለፊያዋን አገኘኋት፣ ዝገት ይዟታል። አዲስ ማጠፊያ ክንዱ ተዘግቶ ቢመጣስ በምን ይከፈታል? ዘይት ወይም ግራሶ ልቀባው?

ካቻቢቴ
የማጠፊያውን አካል ሞርሳ (ብረት አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አሲዢ፣ ክንዱ ላይ ረዘም ያለ ቱቦ አስገብተሽ ክፈቺ፣ ሌላ ሰው መቆለፊያውን ይገልብጥ። ሞርሳ ከሌለሽ ጋራዥ ውሰጂው። በፒንሳ አትሞክሪ።

ላሜራ (ሐዋሳ)
የምግብ ዘይት በፍጹም፣ ሙጫ ይሆናል። ተራ ግራሶም ሙቀቱ ሲደጋገምበት ደርቆ እንደ ሬንጅ ይይዛል፤ ብዙ «ሞላው ጠነከረ» የሚባል በር ችግሩ ይኸው ነው። የዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ለመቆለፊያዋ ይሁን፣ ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ በደንብ ጠርገሽ አድርቂው። የሚቀባው ሙቀት የሚችለው፣ መዳብማ ቀለም ያለው ግራሶ ነው፤ የመኪና ፍሬን ላይ ስለሚቀባ መለዋወጫ ሱቅ አለ። የክብሪት ጭንቅላት ያህል መጋጠሚያው ላይ ይበቃል፣ ወደ ኦቨኑ ውስጥ እንዳያልፍ።

ሌላው ሁለቱም ያልነኩት፦ በብዙ ስቶቮች ክንዱ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ ሮለር አለች። እሷ ከተነከሰችና መዞር ካቆመች አዲስ ማጠፊያ ገዝተሽም በሩ ያው ነው። መለያው ቀላል ነው፤ በሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከከበደ ሞላው ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ቀጭ ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ሮለሯ ናት። ብሎኗን ስትፈቺ ወደ ውስጥ እንዳትወድቅብሽ በክር አስሪያት፤ ከወደቀች የጎኑ ላሜራ ካልተፈታ አትወጣም።

ዕቃውን አዳማ ካጣሽው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይፈለግ፣ ግን ከአንድ በር ላይ የተፈታ ጥንድ ካልሆነ አትግዢ። ከተገጠመ በኋላ ቀጭን ወረቀት በሩ ላይ ዙሪያውን በየቦታው እያስያዝሽ ሳቢ፤ ሁሉም ቦታ እኩል መያዝ አለበት። ግራው አሁንም ከላላ የማጠፊያውን ብሎኖች ትንሽ አላልተሽ በሩን ገፋ አድርጊና መልሰሽ አጥብቂ፤ የበሩንም ጎማ እይ፣ ጥጉ ላይ ያለችው መንጠቆ ወልቃ ሊሆን ይችላል።