ጥቆማ፦ ለሥጋ ዶሮ ፕሮባዮቲክስ ድሬ ላይ የቱን እንግዛ?

ሰላም የድሬና የሐረር ዶሮ አርቢዎች። ሰሞኑን "ለብሮይለር የትኛው ፕሮባዮቲክስ ይሻላል?" የሚል ጥያቄ ተደጋግሞ መጣ። እኔ ሳቢያን ግቢዬ ውስጥ በአንድ ዙር 200 ጫጩት እያስገባሁ ነው የማረባው። ከዱቄቱም ከፈሳሹም ሞክሬያለሁ፣ ብርም አጥፍቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ይሄ ይያዝልኝ። ፕሮባዮቲክስ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ወይም እርሾ ነው። ቫይታሚን አይደለም፣ መድኃኒትም አይደለም። ከሞተ የገዛችሁት ተራ ዱቄት ነው። ስለዚህ የማን ምርት ይሻላል ከማለታችሁ በፊት፣ ይሄ ነገር በድሬ ሙቀት ዶሮው አንጀት እስኪደርስ በሕይወት ይቆያል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቢሾፍቱ ላለ አርቢ የሠራው እዚህ ላይሠራ ይችላል።

እኔ ይሄን የተማርኩት በኪሳራ ነው። በግንቦት ሙቀት ከአንድ መድኃኒት ቤት በውሃ የሚበጠበጥ ላክቶባሲለስ (እርጎ ውስጥ ያለው ዓይነት ባክቴሪያ) ገዛሁ። የቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ፓኬቱ ፀሐይ በሚመታው መደርደሪያ ላይ ነበር፣ ጀርባው ላይ ግን ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ይላል፤ አላነበብኩትም። ወስጄ ክሎሪኑ ከሩቅ በሚሸት የቧንቧ ውሃ በጠበጥኩት። በዚያው ሳምንት ደግሞ ጫጩቶቹ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ እየወሰዱ ነበር። ሙቀቱም፣ ክሎሪኑም፣ አንቲባዮቲኩም ባክቴሪያውን ይገድላሉ። ኩሳቸው እንደቀጠነ ቀረ፣ ሰጋቱራው ረጠበ፣ ቤቱ ሲከፈት አሞኒያው ዓይን ያቃጥል ነበር። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ፕሮባዮቲክስ የሚባል ነገር አልገዛሁም። ችግሩ ግን አያያዙ ነበር።

አሁን የምመክረው ባሲለስ ያለበትን ነው። ጀርባው ላይ ባሲለስ ሰብቲሊስ ወይም ባሲለስ ሊኬኒፎርሚስ የሚል ፈልጉ። ባዮፕላስ 2ቢ የሚባለው ለምሳሌ ሁለቱንም የያዘ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች ስፖር ይሠራሉ፤ ሁኔታው ሲከፋባቸው ጠንካራ ሽፋን ውስጥ ገብተው ይተኛሉ፣ አንጀት ሲደርሱ ይነቃሉ። መኖ ፋብሪካ ውስጥ መኖው በ80 ዲግሪ እንፋሎት አልፎ ፔሌት (ተጨምቆ የደረቀ ፍሬ) ሲሆን እንኳን ይተርፋሉ፣ ስለዚህ የእኛ መጋዘን አያስፈራቸውም። ፍሪጅ አይፈልጉም፣ ከደረቅ መኖ ጋር ይቀላቀላሉ፣ መብራት ቢጠፋም ሐሳብ አይገባችሁም።

መጠኑን በተመለከተ መጀመሪያ የፓኬቱን መመሪያ ተከተሉ። ስሌቱ እንዲገባችሁ ግን፣ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በአንድ ግራም መኖ ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ሕያው ባክቴሪያ እንዲኖር ነው። ምርቱ በግራም 1 ቢሊዮን ካለው ለአንድ ኩንታል መኖ 100 ግራም ይበቃል ማለት ነው። 200 ብሮይለር እስከ ስድስት ሳምንት ከ8 እስከ 9 ኩንታል ይበላል፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ እንኳን አትጨርሱም። ሻጩ የባክቴሪያውን ስምና ቁጥር የማይገልጽ ፓኬት ከሰጣችሁ ርካሽ ቢሆንም ተዉት። ስትቀላቅሉ ደግሞ 100 ግራሙን በቀጥታ ኩንታሉ ላይ አትበትኑት። በመጀመሪያ ከአንድ ሁለት ኪሎ መኖ ጋር በደንብ አሹት፣ ከዚያ ከአሥር ኪሎ ጋር፣ ቀስ እያላችሁ ከቀሪው ጋር።

ላክቶባሲለስ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በጣም እወደዋለሁ። በ1973 ኑርሚና ራንታላ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች የትልቅ ዶሮ አንጀት ውስጥ ያለውን ነገር ለተፈለፈሉ ጫጩቶች ሰጥተው፣ ጫጩቶቹ ሳልሞኔላን መቋቋም እንደቻሉ አሳዩ። በማሽን የተፈለፈለ ጫጩት እናቱን አያገኝም፤ አንጀቱ ባዶ ነው፣ ቀድሞ የገባው ባክቴሪያ ቦታውን ይይዛል። የእኛዎቹ ደግሞ ከቢሾፍቱ በካርቶን ሌሊቱን ተጉዘው፣ ደክመውና ጠምቷቸው ነው የሚደርሱት። ያን ጊዜ ጥሩው ባክቴሪያ ቀድሞ ቢገባላቸው ደስ ይለኛል።

ግን አያያዝ ይፈልጋል። የምትገዙበትን ቤት "የፈንግል ክትባት የት ነው የምታስቀምጡት?" ብላችሁ ጠይቁ። ፍሪጁን ከፍተው ካሳዩዋችሁና ላክቶባሲለሱም እዚያው ካለ ግዙ። ክትባቱ ራሱ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ውጡ። ውሃውን በባልዲ ክፍት አድርጋችሁ አሳድሩት፣ ክሎሪኑ ይወጣል። ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ በቀን አትቅዱ፣ ከሰዓት በኋላ ውሃው እንደ ሻይ ይሞቃል። በማለዳ፣ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው የሚጨርሱትን ያህል ብቻ በጥብጡ።

ስለ እርጎ የጠየቃችሁ አላችሁ፣ የኮመጠጠ የግመል ወተትም ያነሳ ወንድም ነበር። ውስጡ ላክቶባሲለስ አለ፣ እውነት ነው። ነገር ግን የትኛው ዝርያና ስንት እንደሆነ አታውቁም፤ ዶሮ ደግሞ የወተት ስኳር በደንብ አይፈጭም፣ ሲበዛ ያስቀምጠዋል። በዚህ ሙቀት መጠጫው በግማሽ ቀን ይዝለገለጋል። ለቤት የሐበሻ ዶሮ ትንሽ ብትሰጡ አልከለክልም፣ ለ200 ብሮይለር ግን አልመክርም።

ሐረር ላለሽው እህታችን፦ ከቢራ ፋብሪካ የሚወጣው የገብስ ተረፈ ምርት ፕሮባዮቲክስ አይደለም። መኖ ነው፣ ያውም ገለባው የበዛ ስለሆነ ለከብት ይሻላል፣ እርጥብ ስለሆነም ቶሎ ይሻግታል። የሐረር አየር ከእኛ ቀዝቀዝ ስለሚል ላክቶባሲለስ ለአንቺ ከኛ ይልቅ ይመቻል። ኢኤም የሚባለውን፣ የተለያዩ ጠቃሚ ረቂቅ ተሕዋስያን የተቀላቀሉበትን ፈሳሽ ደግሞ በሞላሰስ አንቅቼ ጉዝጓዙ ላይ እረጨዋለሁ፤ ሽታውን ይቀንስልኛል። እንዲያድጉልኝ ብዬ ግን አልገዛውም።

አንቲባዮቲክን በሚመለከት አደራ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "ለዕድገት" ብለው ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚሰጡ አሉ። የአውሮፓ ኅብረት ለዕድገት የሚሰጥ አንቲባዮቲክን ከ2006 መግቢያ ጀምሮ ከልክሏል፣ ምክንያቱም ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን ይለምዱታል፣ ያ ደግሞ ወደ ሰውም ይመጣል። ታመው ሐኪም ካዘዘላችሁ ስጡ፣ ሲጨርሱ ፕሮባዮቲክሱን ጀምሩ። የኮክሲዲያ መድኃኒት የሆነው አምፕሮሊየም ግን አንቲባዮቲክ ስላልሆነ አብሮ ቢሰጥ ችግር የለውም። ደም የተቀላቀለበት ኩስ ካያችሁ ኮክሲዲያ (አንጀት የሚያደማ ጥገኛ ተሕዋስ) ሊሆን ስለሚችል ፕሮባዮቲክስ ላይ ተማምናችሁ አትጠብቁ። ድንገት መሞት ከጀመሩ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። በደንገጎ ወጥቶ ባለሙያ ማማከር፣ በግምት ሦስት ዓይነት መድኃኒት ከመግዛት በብዙ ይረክሳል።

የኦቾሎኒ ፋጉሎ የምትጠቀሙም ተጠንቀቁ። እኛ አካባቢ በቀላሉ ይገኛል፣ ፕሮቲኑም ጥሩ ነው። ግን ከሻገተ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ ጉበታቸውን ይጎዳል፣ ዕድገታቸውን ይይዛል። ያንን ምንም ፕሮባዮቲክስ አይመልስላችሁም። ሙቀቱም እንዲሁ ነው። ዶሮ ሲሞቀው ደሙ ወደ ቆዳው ስለሚሄድ አንጀቱ ይጎዳል። እኔ ቀትር ላይ መኖ አነሳለሁ፣ ማለዳና ማታ አበላለሁ።

ለውጥ አለው ወይ ላላችሁ፦ ባለፈው ዙር ቤቱን ለሁለት ከፍዬ 100ውን በባሲለስ፣ 100ውን ያለ ምንም አሳደግኩ፤ መኖው፣ ውሃው፣ ጉዝጓዙ አንድ ነበር። በሚዛን ልዩነቱ ትንሽ ነው። በጉዝጓዙ ግን ገና በሦስተኛው ሳምንት ታየኝ፤ የባሲለሱ ወገን ደረቅ፣ ኩሱም ጠንከር ያለ ነበር። እናንተም ብዙ ከመግዛታችሁ በፊት ሰው ምን እንዳለ ከምትሰሙ፣ ትንሽ ገዝታችሁ ቤታችሁን በማገጃ ከፍላችሁ ሞክሩት። መኖውንም መዝኑ፣ ምክንያቱም ክብደቱ እኩል ሆኖ የበሉት ካነሰ ያም ትርፍ ነው።

እስከ እርድ ቀን መስጠት ይቻላል ወይ ላለው ወንድማችን፦ አዎ፣ ባሲለሱ እስከ መጨረሻው ቀን መኖው ውስጥ ቢኖር ችግር የለውም። አንቲባዮቲክ ሰጥተህ ከሆነ ግን መድኃኒቱን ካቆምክ በኋላ ከእርድ በፊት መቆየት አለበት ተብሎ ፓኬቱ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልቅ እንዳታርድ።