ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም፤ ከጄኔቫ ወደ ሞን ብላን ዙሪያ የእግር ጉዞ እንዴት ልሂድ?

የጦሳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደሴ ነው። እህቴ ጄኔቫ ናት፣ ዘንድሮ ለክረምት ና ብላኛለች። እኔም ከሄድኩ አይቀር ብዬ ለዓመታት በስልኬ ሳየው የኖርኩትን የሞን ብላን ዙሪያ ጉዞ ልሞክረው ነው። ወደ 170 ኪሎ ሜትር ነው፣ ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን እየነካ ተራራውን ይዞራል፣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ወይም በ11 ቀን ይጨርሰዋል። መራመዱ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ባቡሩ ነው። ሳቁብኝ ግን በዕድሜዬ ባቡር ላይ ወጥቼ አላውቅም፤ ኮምቦልቻ በወረድኩ ቁጥር ሐዲዱን አየዋለሁ፣ በቃ ማየት ነው። እህቴ ሥራ ላይ ስለሆነች አታደርሰኝም፣ "ቀላል እኮ ነው፣ ሦስት ባቡር ብቻ ነው" ትለኛለች። ለእሷ ቀላል ነው! የት ልሳፈር፣ የት ልቀይር፣ ትኬቱን ከወዲሁ ልቁረጥ ወይስ እዚያው?

እህተ ወሎ፦
ውይ የአገሬ ልጅ! የሸዋ በር ልጅ ነኝ፣ አሁን ሎዛን ነው ያለሁት። አብሽር፣ እህትህ ልክ ናት።

ጄኔቫ ኤርፖርቱ የራሱ ባቡር ጣቢያ አለው፣ ከተማው መሃል ደግሞ ኮርናቫን የሚባለው ዋናው አለ። ከሁለቱም ወደ ብሪግ የሚሄደውን ባቡር ያዝ፣ ማርቲኚ ላይ ትወርዳለህ። ሁለት ሰዓት አይሞላም። በቀኝ በኩል ተቀመጥ፣ ሐይቁ እስከ ሞንትሮ ድረስ አብሮህ ይሄዳል። ማርቲኚ ላይ ሞን ብላን ኤክስፕረስ የሚሉትን ትንሹን ባቡር ትይዛለህ። ስሙ ኤክስፕረስ ይባል እንጂ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ዳገቱ በጣም የቆመበት ቦታ ላይ በሐዲዱ መሃል ጥርስ ያለው ብረት አለ፣ ባቡሩ እሱን በማርሽ እየነከሰ ይወጣል፣ መጀመሪያ ሳየው የኮምቦልቻ ደሴን ዳገት፣ ሐረጎን፣ በዚህ ቢወጡት ነው ያልኩት። ድንበሩን አልፈህ ቫሎርሲን ላይ ብዙ ጊዜ ወደ ፈረንሳዩ ባቡር ትቀይራለህ፣ እሱ ሻሞኒን አልፎ ሌ ዙሽ ያደርስሃል። ጉዞው የሚጀመረው እዚያ ነው። እንግዲህ ሦስት ባቡር ማለት ይኸው ነው።

ትኬቱ አያስጨንቅህ። በስዊስ ባቡር ላይ ወንበር ማስያዝ አያስፈልግም፣ ትኬት ካለህ የመጣው ላይ ትወጣለህ። መግቢያው ላይ የሚያቆምህ በር የለም፣ ግን ያለ ትኬት እንዳትገባ፣ ተቆጣጣሪው መንገድ ላይ መጥቶ ይቀጣሃል። የጥገና ሥራ ካለ የትንሹን ባቡር ቦታ አውቶቡስ ይተካዋል፣ በዋዜማው ስልክህ ላይ በባቡሩ መተግበሪያ አረጋግጥ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ስማኝ፦ ሰዓት! እኔ በመጣሁ በመጀመሪያው ወር 07:10 የሚል ትኬት ይዤ በእኛ አቆጣጠር 7 ሰዓት መስሎኝ ተረጋግቼ ምሳዬን በልቼ ሄድኩ። ባቡሩ ጠዋት 1:10 ላይ ሄዷል። 13:42 ካለህ የእኛ ቀን 7:42 ነው። ስልክህ ላይ አስተካክለህ ጻፈው፣ ደቂቃዋንም አትናቃት፣ እዚያ "ትንሽ ጠብቁኝ" የለም።

ኮምቦልቻዊው፦
ሐዲዱን እያየህ ብቻ የምትኖረው አንተ ብቻ አይደለህም ወንድሜ 😂 ከአዋሽ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ሐራ ገበያ ድረስ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ተዘርግቶልን እኛም እንደ አንተ ተመልካች ነን። የምር ግን ለቪዛ አዲስ አበባ መግባትህ ስለማይቀር አንድ ቀን ጨምርና ለቡ ካለው ጣቢያ የድሬዳዋውን ባቡር ሞክረው፣ አዳማ ብትወርድም ይበቃል። ሻንጣ መስቀል፣ ፉርጎ መፈለግ፣ መውረጃህን መጠበቅ፣ ይሄ ሁሉ አንዴ ካየኸው ፍርሃቱ ይለቅሃል።

"መራመዱ አያሳስበኝም" ያልከውን ግን አልፈርምልህም። የዚያ መንገድ ጠቅላላ ዳገት ወደ 10,000 ሜትር ይጠጋል፣ በ10 ቀን ስታካፍለው በቀን 1,000 ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው ከፍታ 650 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሐረጎን አንድ ጊዜ ተኩል በየቀኑ፣ ያውም ተሸክመህ፣ ያውም ትወርደዋለህ። ጉልበት የሚበላው ቁልቁለቱ ነው።

መንገደኛው፦
ከሁለት ዓመት በፊት ሄጄበታለሁ። የከፍታውን ነገር ልጨምር፣ የመንገዱ ከፍተኛው ማለፊያ (በተራሮች መሃል የሚታለፍበት ቦታ) አማራጭ መንገዶቹ ተቆጥረው 2,665 ሜትር ነው፣ አንተ እኮ አሁን ይህን የምትጽፈው 2,500 አካባቢ ላይ ሆነህ ነው! ፈረንጆቹ ሲያለከልኩ አንተ ቡና የሚያምርህ ቦታ ነው። ብርዱና ዝናቡ ግን ሌላ ነው፣ ሰኔ ላይ በረዶ ያልለቀቀው ማለፊያ ያጋጥማል። ሐምሌና ነሐሴ ለእነሱ በጋ ነው።

በእህተ ወሎ ምክር ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። ከጄኔቫ ለሚነሳ ሰው ሌ ዙሽ ድረስ ምን ያስኬዳል? መንገዱ ክብ ነው፣ ከየትም ይጀመራል። ማርቲኚ ላይ የኦርሲየርን ባቡር ያዝ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሻምፔ ትደርሳለህ፣ መንገዱ መንደሩን አቋርጦ ያልፋል። ግማሽ ቀን አተረፍክ፣ ግፊያውም ይቀንስልሃል። ጉልበትህ እምቢ ካለ ደግሞ መውጫ አለህ፦ መንገዱ ላይ ካለው የስዊስ መንደር ከላ ፉሊም አውቶቡሱ ኦርሲየር ያወርድሃል፣ ጣሊያን ኩርማዬር ላይ ከደከመህ በተራራው ሥር 11.6 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ዋሻ አቋርጦ ሻሞኒ የሚያደርስ አውቶቡስ አለ።

ዋናው ራስ ምታት ባቡሩ ሳይሆን ማደሪያው ነው። የተራራ ማደሪያዎቹ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ ክፍት ናቸው፣ ቦታው ግን ወራት ቀድሞ ያልቃል። በጋራ ክፍል ነው የምታድረው፣ ቀጭን የመኝታ ከረጢት ይዘህ ሂድ፣ ይጠይቁሃል።

እህተ ወሎ፦
@መንገደኛው ተቀበልኩ፣ ለእሱ ሻምፔ ይሻላል። ግን ሌ ዙሽም ደስታ አለው፣ ያንን ባቡር ሳያይ መመለሱ ያሳዝነኛል፤ በመጨረሻ ለመዝናናት ይሂድበት።

ደግሞ ምግቡ! እራት እነሱ ያቀረቡትን ነው፣ አይብ የሌለበት ነገር ብርቅ ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፣ ጾመኛ ከሆንክ ስትመዘገብ ከወተት ተዋጽኦም ነፃ በል፣ ሙስሊም ከሆንክም አትክልት ብቻ ብለህ አስመዝግብ፣ እዚያ ደርሰህ ብትናገር የሚሰማህ የለም። በሶ ከአገር ያዝ፣ ምሳህ እሱ ነው። ቋንጣና ቅቤ ግን እንዳትሞክር፣ ኤርፖርት ላይ ይጣልብሃል።

የጦሳ ልጅ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጾመኛ ነኝ፣ ስለዚህ ሐምሌ 15 ጀምሬ ፍልሰታ ሳይገባ ልጨርስ። ጅማሬ ከሻምፔ፣ መመለሻ በትንሹ ባቡር፣ ሁለታችሁም አትጣሉ። ቪዛውን የስዊስ ነው የምጠይቀው አይደል? አብዛኛው ቀን እህቴ ጋ ስለሆነ። ጫማ ደግሞ አዲስ ልግዛ ወይስ ከሳልቫጅ ይሻላል?

መንገደኛው፦
አዎ፣ ብዙ ቀን የምትቆይበትን አገር ነው፣ ማመልከቻው ከጉዞው በፊት ከ6 ወር እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል፣ 15 ቀን እስኪቀር ግን አትጠብቅ። 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ይጠይቁሃል። በእግር ስትሻገር ድንበር ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠይቅህ የለም፣ ፓስፖርትህ ግን ከኪስህ አይውጣ።

ሳልቫጅ ጥሩ ጫማ ይገኛል፣ ሶሉን ግን አጥፈህ እየው። ሙጫው የደረቀ ከሆነ ሁለተኛው ቀን ላይ አፉን ይከፍታል።

የጦሳ ልጅ፦
በቃ ቅዳሜ ጫማውን ገዝቼ ሐረጎን በእግሬ እወርደዋለሁ። @ኮምቦልቻዊው ካለህ ሻይ በእኔ።

ኮምቦልቻዊው፦
ና፣ ሐዲዱ ጋ እጠብቅሃለሁ። መመለሻው ግን በእግር ነው፣ ታክሲ አላስይዝህም።