ማሽን ሰባሪዎቹ ተሳስተው ነበር?

(ከየንግግሩ በላይ ያለው የተናጋሪው ቅጽል ስም ነው።)

ጥያቄ አለኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን «ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሥራችንን ሊወስድ ነው» «አይወስድም» እየተባለ ብዙ ተወራ። አንዱ ተነስቶ «ቴክኖሎጂን ማቆም አይቻልም፤ የሚቃወም ሁሉ ሉዳይት ነው» አለ። ሌላው ሳቀ። ክርክሩ እዚያው አለቀ። እኔን ግን ስድቡ ከነከነኝ።

ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ሉዳይቶች ከ1811 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ ሌሊት ሌሊት የሥራ ቤት ሰብረው እየገቡ ማሽን በመዶሻ ያደቀቁ የጨርቃጨርቅ ሠራተኞች ናቸው። ስማቸውን የወሰዱት ኔድ ሉድ ከሚባል፣ ምናልባትም ጭራሽ ካልነበረ ሰው ነው። መንግሥት በሺዎች የሚቆጠር ወታደር አዘመተባቸው። በ1812 ማሽን መስበር በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ። በ1813 መጀመሪያ ላይ ዮርክ ከተማ ውስጥ 17 ሰዎች ተሰቀሉ።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። ተሳስተው ነበር? አዲስ ማሽን ሲመጣ ማኅበረሰብ «ቆይ» የማለት መብት አለው? ቢልስ የሚሰማው አለ?

ብሎን

ተሳስተዋል፣ ያውም በጣም። ስሜታቸው ይገባኛል። ልጆቹ የተራቡበት ሰው መዶሻ ቢያነሳ አልፈርድበትም። ግን እነሱ አሸንፈው ቢሆን ኖሮ ቅያሪ ልብስ ያለው ሰው ዛሬም እንደ ሀብታም ይቆጠር ነበር።

ኤድዋርድ ጄነር በ1796 የፈንጣጣ ክትባት ሲሞክር የሚቃወም ሞልቶ ነበር። በ1980 ፈንጣጣ ከምድር ላይ መጥፋቱ ታወጀ። ፍሪትዝ ሀበር በ1909 ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በ1913 ነገሩ ፋብሪካ ገባ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚያ መንገድ በተሠራ ማዳበሪያ በበቀለ እህል እንደሆነ ይገመታል። ያኔ «ቆይ» የሚል ኮሚቴ ቢቀመጥ እኛ እዚህ ቁጭ ብለን እንከራከር ነበር?

ደግሞ አስተውሉ። «ቆይ» የሚለው መቼም አሮጌው ነገር የሚያበላው ሰው ነው።

የለቃሚው ልጅ

ብሎን፣ «ቸኩል» የሚለውስ? አዲሱ ነገር የሚያበላው ሰው አይደል?

ታሪኩንም ግማሹን ነው የያዝከው። ኖቲንግሃም ላይ የተሰበረው ማሽን የካልሲ መሥሪያ ነው። እሱን ዊልያም ሊ የሚባል ሰው የሠራው በ1589 ነው። ማለትም ሉዳይቶቹ ሲሰብሩት ማሽኑ ከ200 ዓመት በላይ ሆኖታል! አያቶቻቸው ሳይቀሩ የኖሩበት ማሽን ነው። ታዲያ አዲስ ነገር ጠልተው ነው ማለት እንዴት ይሆናል?

የተጣሉት ባለቤቶቹ በማሽኑ በሚሠሩት ሥራ ነው። ሰፊ ጨርቅ ሠርተው፣ ቆራርጠው፣ ሰፍተው «ካልሲ ነው» ብለው ይሸጡ ጀመር። ቶሎ ይተረተራል። ሙያውን በወጉ ያልተማረ ልጅም በርካሽ ይቀጥሩበታል። የባለሙያው ክፍያ ወረደ፣ የዕቃውም ስም ጠፋ። እየመረጡ የሰበሩት የእነዚያን ባለቤቶች ማሽን ነበር። ደህና የሚከፍለውን ሰው ብዙ ጊዜ አልነኩትም።

ሌላም አለ። መጀመሪያ መዶሻ አላነሱም። አቤቱታ ጽፈዋል። የጥጥ ሸማኔዎች ዝቅተኛ ክፍያ በሕግ ይወሰንልን ብለው ጠየቁ፤ ፓርላማው በ1808 አልቀበልም አለ። የሱፍ ሠራተኞችን ሲጠብቁ የኖሩ የድሮ ሕጎች ነበሩ፤ በ1809 ተሻሩ። ሠራተኛ እንዳይደራጅ ከ1799 ጀምሮ ተከልክሏል። በሩ ሁሉ ሲዘጋ ነው ወደ መዶሻው የሄዱት።

ብሎን

የካልሲውን አላውቅም ነበር። እሺ፣ ይሁን። ግን የላንካሻየሮቹ (የሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ጥጥ ሠሪዎች) የሰበሩት በእንፋሎት የሚሠራውን የሽመና ማሽን ነው። እሱ አዲስ ነበር። እሱንስ ምን ትለዋለህ?

ቁጥር ይቅደም

እዚህ ላይ ልግባ። ሁለታችሁም ስለ ጊዜ አላወራችሁም።

በ1820ዎቹ ብሪታንያ ውስጥ ከ200 ሺህ በላይ የእጅ ሸማኔ እንደነበረ ይገመታል። ከሠላሳና አርባ ዓመት በኋላ እጅግ ጥቂት ቀሩ። ብሎን ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ «ሁሉም ተጠቀመ» ይላል። እውነት ነው፣ የልጅ ልጆቻቸው ተጠቀሙ። ሸማኔው ግን ኑሮውን የሚኖረው በልጅ ልጁ ዕድሜ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ለታሪክ ምንም ነው። ለአንድ ሰው ግን ሙሉ የሥራ ዘመኑ ነው። በዚያ ጊዜ አገሪቱ በፍጥነት ስትከብር የሠራተኛው ደመወዝ ለአሥርት ዓመታት ፈቅ ያለው በጣም በትንሹ ነው። የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊዎች መጠኑ ላይ ይጨቃጨቃሉ፤ ቀርፋፋ እንደነበረ ግን ብዙዎቹ ይስማማሉ።

ለሌላው ወገንም ልናገር። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። የመጀመሪያው የባንክ ገንዘብ መክፈያ ማሽን በ1967 ሰሜን ለንደን ኤንፊልድ ላይ ሲተከል የባንክ ገንዘብ ከፋዮች አለቀላቸው ተባለ። አሜሪካ ውስጥ ግን ማሽኑ ከተስፋፋ በኋላ ለብዙ ዓመታት የከፋዮች ቁጥር አልቀነሰም፣ እንዲያውም ትንሽ ጨመረ። አንድ ቅርንጫፍ በጥቂት ሰው መሥራት ስለቻለ ባንኮች ብዙ ቅርንጫፍ ከፈቱ። ቁጥሩ መውረድ የጀመረው በጣም ቆይቶ ነው። ስለዚህ ማሽን መጣ ማለት ሥራ ጠፋ ማለት ነው የሚል ካለ እሱም ይረጋጋ።

እንዝርት

ወንዶቹ እንግሊዝ ላይ ተቸንክራችሁ ቀራችሁ እኮ። አትላንቲክን ልሻገር።

ኢላይ ዊትኒ በ1793 የጥጥ መዳመጫ ማሽን ሠራ፤ ጥጡን ከፍሬው የሚለይ። በእጅ ሲሠራ ጣት የሚያቆስል፣ አድካሚ ሥራ ነው። ማሽኑ ያን ሥራ አቀለለው። ታዲያ ባሪያዎቹ አረፉ? ኧረ ወዲያ! ጥጥ አትራፊ ስለሆነ እርሻው ሰፋ፤ ለእርሻውም ብዙ ባሪያ ተፈለገ። በ1790 የሕዝብ ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ወደ 700 ሺህ ባሪያዎች ነበሩ። በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ደረሱ። ላንካሻየር ውስጥ ያ አዲስ የሽመና ማሽን የሚበላው ጥጥ ከየት የመጣ መሰላችሁ?

እና «ማሽን ድካም ይቀንሳል» ስትሉኝ የማንን ድካም ብዬ እጠይቃለሁ። መዳመጫው ባርነትን አልፈጠረም። ግን ሕጉም ገበያውም ባሪያ ማድረግን ፈቅዶ በተቀመጠበት አገር ገባና ያለውን አባባሰው።

ብሎን ያመጣው ሀበርም በ1915 ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ የጀርመን ጦር የክሎሪን ጋዝ ሲለቅ ሥራውን የመራው ያው ሰውዬ ነው። ማዳበሪያውን ስትቆጥር እሱንም ቁጠርልኝ።

ብሎን

ይቆጠር። ግን ከዚህ ምን ይከተላል? ማሽኑን እንከልክል? የከለከሉትንም አይተናል። ጉተንበርግ ጀርመን ውስጥ ማይንዝ ላይ በ1450ዎቹ በማተሚያ ማሽን መጽሐፍ አተመ። ኢስታንቡል ውስጥ በቱርክኛ ለማተም ኢብራሂም ሙተፈሪቃ ፈቃድ ያገኘው በ1727 ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው በ1729። ወደ 270 ዓመት የሚጠጋ «ቆይ» ማለት ነው! ይኼን ያህል ዘመን በእጅ እየገለበጡ መቆየት ምን ጠቀመ?

የለቃሚው ልጅ

ጎሽ፣ ጥሩ ምሳሌ አመጣህልኝ። ኢስታንቡል ውስጥ አይሁዶች ከ1490ዎቹ ጀምሮ በዕብራይስጥ ያትሙ ነበር። ማሽኑ ከተማዋ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ለሌላው ያላስፈለገበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የገልባጮች ሙያ አለ፣ ለእጅ ጽሕፈት የነበረው ክብር አለ፣ ገበያውም አለ። እና ማሽኑ በር ላይ ቆሞ እንኳን ማኅበረሰብ በራሱ ጊዜ ነው የሚያስገባው። ይኼ የእኔን ነው የሚደግፈው።

ሰዓት አዳሽ

ልጆች፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰዓት ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ይኼ «ማኅበረሰብ ይመርጣል» የሚለው ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ማን ነው የመረጠው?

ድሮ ከተማ ሁሉ የራሱ ሰዓት ነበረው። ፀሐይ አናቱ ላይ ስትሆን ቀትር ነው፤ ጎረቤት ከተማ ጥቂት ደቂቃ ይለያል፤ ማንም ግድ አልነበረውም። ባቡር መጣ። ባቡር በየከተማው ሰዓት ሊሄድ አይችልም፤ ከመዘግየቱም በላይ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ይጋጫል። የአሜሪካ የባቡር ኩባንያዎች ኖቬምበር 18 ቀን 1883 ሰዓታቸውን በዞን ከፋፍለው አስተካከሉ። በብዙ ከተማ የዚያን ቀን ቀትር ሁለት ጊዜ ሆነ። ሕዝብ ድምፅ ሰጠ? አልሰጠም። ሕግ ወጣ? የፌዴራሉ ሕግ የወጣው በ1918 ነው፣ ከ35 ዓመት በኋላ! ብሪታንያም ያው ነው፤ ባቡሮቹ በ1840ዎቹ የግሪኒችን ሰዓት ያዙ፣ ሕጉ በ1880 ደረሰ።

እስከዛሬ ሰው የሚነሳው፣ የሚበላው፣ የሚተኛው ባቡር ባመጣው ሰዓት ነው። ማሽን እንደ እንግዳ ገብቶ አባወራ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ማንም ሳይመርጠው።

እንዝርት

ጋሼ፣ ይኼ ግሩም ነው። ግን እርስዎ ራስዎ ነገሩኝ እኮ፤ ሰዓቱን የቀየሩት ባቡሮቹ ሳይሆኑ የባቡሮቹ ኩባንያዎች ናቸው። ስብሰባ ተቀምጠው፣ ቀን ቆርጠው። መራጭ ነበረ። እኛ አልነበርንም እንጂ።

ሰዓት አዳሽ

አይ አንቺ! በዚህ መጣሽብኝ። እሺ፣ መራጭ ነበረ እንበል። ግን ቢሰበሰቡም ባይሰበሰቡም ባቡሩ አንድ ሰዓት ማስፈለጉ አይቀርም ነበር። ይኼን አልለቅልሽም።

ጥያቄ አለኝ

ጋሼ የሚሉት ይሰማኛል። አንዳንድ ፈጠራ ከራሱ ጋር ግዴታ ይዞ ይመጣል። እኔ ግን አሁንም «ቆይ» ተብሎ ተሰምቶ ያውቃል ወይ የሚለው አልተመለሰልኝም።

የለቃሚው ልጅ

ያውቃል። ግን ሲሰማ እንዴት እንደሚዘገይ እየው።

ቶማስ ሚድግሊ በ1921 ቤንዚን ላይ እርሳስ የሚባለው ብረት ያለበት ኬሚካል ቢጨመር ሞተር እንደማይንኳኳ አገኘ። እርሳስ መርዝ መሆኑ ያኔ ምስጢር አልነበረም። በ1924 ኬሚካሉ የሚሠራበት ቦታ ሠራተኞች አብደው ሞቱ። ሐኪሞች «ቆይ» አሉ። አልተሰሙም። ይኼ ነገር ከመንገድ መኪና ነዳጅ ጨርሶ የወጣው አልጄሪያ ሽያጩን ባቆመችበት በ2021 ነው። መቶ ዓመት!

ያው ሰውዬ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ አገኘ፤ በኋላ የኦዞንን ሽፋን ሲበላ የተገኘው። እዚያ ላይ ግን ዓለም ፈጠነ። ሳይንቲስቶች በ1974 አስጠነቀቁ፤ የሞንትሪያል ስምምነት በ1987 ተፈረመ። ማቀዝቀዣ ጠፋ? አልጠፋም። ጋዙ ተቀየረ። «ቆይ» ማለት «ተው» ማለት አይደለም።

ብሎን

መርዝን መከልከል ማንም ይስማማል። ሽመና መርዝ አይደለም።

ቁጥር ይቅደም

ሽመናው አይደለም፤ የሥራው አገባብ ግን ለልጆቹ ከመርዝ አይተናነስም ነበር። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ እንዳይሠራ የተከለከለው በ1833 ነው። ለአገሩ ሁሉ 4 ተቆጣጣሪ ተሾመ። አራት! ለሴቶችና ለወጣቶች የሥራ ቀን 10 ሰዓት እንዲሆን የተወሰነው በ1847 ነው። ባለፋብሪካዎቹ እንከስራለን አሉ። ማሽኖቹ ግን መሽከርከራቸውን ቀጠሉ፣ ጨርቁም ርካሽ ሆኖ ቀጠለ። ያው ማሽን ነው፤ ሕጉ ብቻ ተለወጠ።

ብሎን

ይኼኛው ነጥብ ነው። እቀበላለሁ። ግን «የለቃሚው ልጅ»፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ስምህ ምንድን ነው ነገሩ? ምን የሚለቅም ሰው ነው አባትህ?

የለቃሚው ልጅ

ፊደል። ማተሚያ ቤት ነበር የሚሠራው። የእርሳስ ፊደል አንድ በአንድ ከመሳቢያ እየለቀመ፣ በግልባጭ እየደረደረ ገጽ የሚያቀናብር። ፊደሉን ሳያይ በጣቱ ያውቀው ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ሥራው አለቀ።

ማሽኑን አልጠላም። እንዲያውም መጀመሪያ ሲያየው ተደንቆ ነው የመጣው፤ የፊደሉን መጠን እንደፈለጉ ማሳደግና ማሳነስ ይቻላል ብሎ ማታውን ሙሉ አወራን። ከስንት ወር በኋላ አንድ ማክሰኞ ከረቡዕ ጀምሮ አትምጡ ተባሉ። ኮምፒውተሩ ግን ከታዘዘ ቆይቶ ነበር፤ አለቆቹ ያውቁ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለለቃሚዎቹ ቁልፍ መምታት ሊያስተምሯቸው ይችሉ ነበር። ፊደል ከእነሱ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር? እሱ እስከ መጨረሻው የሚቆጨው በዚች በማክሰኞና በረቡዕ ነገር ነው።

ብሎን

በአንድ ቀን? ይኼንን ማሽን አላደረገውም።

የለቃሚው ልጅ

እኔም ከጠዋት ጀምሮ ስልህ የነበረው እሱን ነው።

ብሎን

እሺ። «ሉዳይት» የሚለውን እንደ ስድብ አልጠቀምበትም። ላንካሻየሮቹ ግን ተሳስተዋል ማለቴን አልተውኩም፣ ነገ እንቀጥላለን።

ሰዓት አዳሽ

ነገ በስንት ሰዓት?