«ራን» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ፦ ፍቺዎቹና የአማርኛ አቻዎቹ

እንግሊዝኛ የሚማር ሰው «ራን» ማለት «ሮጠ» መሆኑን ገና በመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ያውቃል። ከዚያ በኋላ ግን አፍንጫ፣ አውቶቡስ፣ የኪራይ ውል፣ የልብስ ቀለም፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምና የምርጫ ዕጩ ሁሉ በዚሁ ግስ ሲነገሩ ይሰማል፤ የተማረው ፍቺም ከአንዳቸውም ጋር አይገጥምለትም። በእኔ አስተያየት ፍቺዎቹን አንድ በአንድ ከመሸምደድ ይልቅ ሁለት ነገሮችን ማስተዋል ይበጃል። አንደኛው፣ ግሱ ከመነሻው መሮጥን ብቻ ሳይሆን መፍሰስንም የያዘ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ አማርኛ በግስ ቅርጽ ለይቶ የሚያሳየውን እንግሊዝኛ በአንድ ቅርጽ ጠቅልሎ ማለፉ ነው።

የፍቺዎቹ ብዛት በእርግጥ የሚያስደንቅ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 በወጣው የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ረጅሙ ሐተታ የተጻፈለት ማስቀመጥን፣ ማሰናዳትንና ሌላም ብዙ ነገርን የሚገልጸው «ሴት» የተባለው ግስ ሲሆን፣ 430 ያህል ፍቺዎች ነበሩት። መዝገበ ቃላቱ ለሦስተኛ እትም በመከለስ ላይ ሳለ፣ በ2011፣ «ራን» ቀደመው፤ በግስነቱ ብቻ 645 ፍቺዎች ተቆጠሩለት። ለዚህ መስፋፋት ከሚሰጡት ምክንያቶች መካከል የሚያሳምነኝ የማሽን ዘመን ነው። የእንፋሎት ሞተር፣ ባቡር፣ ፋብሪካ፣ ኋላም ኮምፒዩተር በመጡ ቁጥር እንግሊዝኛ ለአዲሱ መሣሪያ እንቅስቃሴ አዲስ ግስ ከመፍጠር ይልቅ አሮጌውን አዋሰው። አማርኛ በበኩሉ «ሠራ» የሚለውን አነሣ፤ ሞተሩ ይሠራል፣ ሰዓቱ ይሠራል እንላለን። እንግሊዝኛም ለዚህ «ወርክ» የሚል ግስ አለው፤ ነገር ግን «ወርክ» መሣሪያው አለመበላሸቱን ሲናገር፣ «ራን» አብዛኛውን ጊዜ በዚያች ሰዓት በሥራ ላይ መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ ተርጓሚው «መኪናው ይሠራል» እና «ሞተሩ አልጠፋም» በሚሉት መካከል መምረጥ ይኖርበታል።

ወደ መፍሰሱ ልመለስ። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሪናን» የተባለው ግስ መሮጥንም መፍሰስንም ይገልጽ ነበር፤ የቅርብ ዘመዱ ጀርመንኛ ሁለቱን ለያይቶ ለመሮጥ «ሬነን»፣ ለፈሳሽ መውረድ «ሪነን» ይላል። ይህን የተረዳ ሰው የቧንቧ ውሃ፣ እንባ፣ አፍንጫና ያልጸና ቀለም ለምን በአንድ ግስ እንደሚነገሩ አይቸግረውም። በአማርኛ ውሃው ይፈስሳል፣ እንባው ይወርዳል፣ ንፍጡ ይዝረበረባል፣ ቀለሙ ይለቃል። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ግን ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ ጠባይ ወይም ሕመም የሚነገረው ነው። እንግሊዝኛው ነገሩ «በቤተሰቡ ውስጥ ይፈስሳል» እንደማለት ሲያስቀምጠው፣ አማርኛው «በዘር ይወርዳል» ይላል፤ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ ጎን ለጎን የሚሄድ ምሳሌ መርጠዋል። ከመፍሰስ ደግሞ በቦታና በጊዜ መዘርጋት ይወለዳል። ስምጥ ሸለቆ ኢትዮጵያን ከሰሜን ምሥራቅ ወደ ደቡብ ምዕራብ አቋርጦ «ያልፋል»፣ አጥሩ እስከ ወንዙ «ይዘልቃል»፣ ውሉ ሁለት ዓመት «ይጸናል» ስንል፣ እንግሊዝኛው በሦስቱም ቦታ «ራን» ሊል ይችላል።

ይበልጥ ልንወያይበት የሚገባው ሁለተኛው ነጥብ ነው። በእንግሊዝኛ ሰውየው «ራን» ይላል፣ ድርጅቱንም «ራን» ያደርጋል፣ ውሃውንም እንዲሁ፤ አድራጊና አስደራጊ በቅርጽ አይለዩም። አማርኛ ግን ሮጠና አሮጠ፣ ፈሰሰና አፈሰሰ፣ ሠራና አሠራ እያለ ይለያል። ለድርጅት፣ ለስብሰባና ለጥናት የምንጠቀምበት «አካሄደ» እንኳ «ሄደ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም የተለመደው «አስኬደ» የዚያው ወንድም ነው። ስለዚህ «እንግሊዝኛ አንድ ቃል ለብዙ ነገር ያውላል፣ አማርኛ ግን ቃል ያንሰዋል» የሚለውን አስተያየት አልቀበልም። አማርኛ ከአንድ ሥር ልዩ ልዩ ግንዶችን ያበቅላል፤ እንግሊዝኛ አንዱን ግንድ ሳይለውጥ ከአጠገቡ መስተዋድድ ያቆምለታል። ፕሮግራምን በተመለከተ አንዳንዶች «ማሠራት» ሲሉ አነብባለሁ፤ እኔ «ማስኬድ» የተሻለ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ትእዛዞቹ ተራ በተራ እየተፈጸሙ መጓዛቸውን ያሳያል።

መስተዋድዱ ሲጨመር የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ራሱ ይለወጣል። ስኳር ሲያልቅ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ቤተሰቡን ባለቤት አድርጎ በ«ራን አውት ኦቭ» ይናገራል። በአማርኛ ባለቤቱ ስኳሩ ነው፤ የተቸገረው ሰው «አለቀብን» በምትለው ቃል ውስጥ «ብ» ከምትባለው ፊደል ጋር ተጣብቆ ይገኛል። ትኩሳትም እንዲሁ ነው፤ እንግሊዝኛው ሕመምተኛውን አድራጊ ሲያደርግ፣ እኛ «ትኩሳት ያዘው» ብለን ሕመሙን አድራጊ፣ ሰውየውን ተያዥ እናደርገዋለን። ይህን ያላስተዋለ ተርጓሚ «ስኳር ጨረስን» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ሆኖም «ጨረስን» በልተን ጠጥተን አገባደድነው ማለት እንጂ ሳናስበው ጎደለብን ማለት አይደለም። ቮልፍ ሌስላው በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት ቃላትን በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ የሚተረጉመው ለእንዲህ ዓይነቱ ችግር መፍትሔ ሆኖ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ግስ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ሥራ የበዛበት ሰው በአማርኛ «ሩጫ ላይ ነኝ» ይላል። ይህን ቃል በቃል ወስዶ «ኦን ዘ ራን» ማለት ግን ሌላ ስሜት ይሰጣል፤ ሐረጉ በተለይ ከፖሊስ የሚሸሽን ሰው ስለሚገልጽ፣ ለአለቃ ወይም ለጎረቤት የሚነገር አይደለም። «ኦን ዘ ጎ» ቢባል የታሰበው ይደርሳል። «ራን ኢንቱ» የተባለውም ጥንቃቄ ይሻል፤ ከሰው ጋር ሲሆን ድንገት ተገናኘን፣ ከግድግዳ ጋር ሲሆን ተጋጨ፣ ከችግር ጋር ሲሆን ገጠመው ማለት ነው። «ራን ኦቨር» በመኪና ገጨ፣ በላዩ ሄደበት ማለት ሲሆን፣ ስብሰባ ከተመደበለት ሰዓት ሲያልፍም ይነገራል። ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ደግሞ በአሜሪካ እንግሊዝኛ «ይሮጣል»፣ በብሪታንያ እንግሊዝኛ ግን «ይቆማል»፤ አማርኛው ሁለቱንም ትቶ «ተወዳደረ» ወይም «ዕጩ ሆኖ ቀረበ» ይላል።

የእግር ሩጫ ተመሳሳይ ቃላትን በተመለከተ አማርኛ ከማንም አያንስም። ቀስ ተብሎ የሚሮጠው «ጆግ» ሶምሶማ ነው፤ ደንግጦ የሚነሣው «ቦልት» ፈረጠጠ ወይም ተፈተለከ ነው፤ «ጋሎፕ» ለፈረስ ጋለበ ነው። «ራን» እና «ሬስ» በእንግሊዝኛ የተለያዩ ሲሆኑ፣ የኋለኛው ግድ ውድድር አለበት፤ እኛ ለሁለቱም «ሩጫ» እንላለን። ከ2001 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በእንግሊዝኛ ስሙ «ራን» መባሉ፣ ከአሸናፊዎቹ ጋር ለጤናና ለደስታ የሚሮጠውን ብዙ ሺህ ሰው ስለሚያቅፍ ተስማሚ ነው። በነገራችን ላይ፣ በላቲን ሮጠ ማለት «ኩሬሬ» ሲሆን፣ አማርኛ ውስጥ የገቡት ኮርስ፣ ኮሪደርና ካሪኩለም ሦስቱም ከዚያ የመጡ የሩጫ ልጆች ናቸው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «ሩጫውን ጨርሼአለሁ» ሲል የጻፈውንም የ1611 የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ኮርስ» በሚለው ቃል ተርጉሞታል።

በመጨረሻ የሚቀረው «ኢን ዘ ሎንግ ራን» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ «በረጅም ጊዜ» እየተባለ ሲተረጎም አያለሁ፤ አይጎረብጥም፣ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ አሳቦችን ይጋርዳል። ነገሩ ቀን አልፎ ቀን ሲተካ መገለጡ ከሆነ «ውሎ አድሮ» ይሻላል፤ «ውሸቱ ውሎ አድሮ ይወጣል» እንደምንለው ነው። የሚነገረው ስለሚጸና ጥቅም ወይም ጉዳት ከሆነ ግን «ለዘለቄታው» ይመረጣል፤ «ይህ ብድር ለዘለቄታው ይጎዳናል» ይባላል። የምጣኔ ሀብት ጸሐፊዎች ከ«አጭር ጊዜ» ጋር አነጻጽረው ሲጠቀሙበት ብቻ «በረጅም ጊዜ» የሚለው ቦታውን ያገኛል።