ማዘዣው ያላለው ካናቢስ፦ ማስረጃ ይሁን ወይስ ይጣል?

የክርክሩ መነሻ፦ ይህን ለምሳሌ እንያዝ። በምሥራቅ ጎጃም አንድ ወረዳ ፖሊስ ከወረዳው ፍርድ ቤት የብርበራ ማዘዣ ያወጣል። ማዘዣው ላይ የተጻፈው የተሰረቀ ሞተር ሳይክልና መለዋወጫው ነው። ፖሊስ ከምሽቱ 3 ሰዓት ቤቱን ይበረብራል። ሞተሩ የለም፤ ከጓዳው ጎታ ሥር ግን በፌስታል የተጠቀለለ ካናቢስ ይገኛል። ዐቃቤ ሕግ በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ይከስሳል። ፍርድ ቤቱ ኤግዚቢቱን፣ ማለትም በማስረጃነት የቀረበውን ካናቢስ፣ ይቀበል ወይስ ይጣለው?

ጠበቃ (ደብረ ማርቆስ)፦ ይጣለው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 33 ማዘዣው የሚፈለገውን ንብረት ለይቶ እንዲጠቅስ ያስገድዳል፤ ፖሊስ ከተጠቀሰው ሌላ ንብረት እንዳይዝም ይከለክላል። ብርበራ የሚደረገውም ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። በምሳሌው ሁለቱም ተጥሰዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደግሞ ቤታችንንም ሰውነታችንንም ንብረታችንንም ከብርበራ ይጠብቃል። ሞተር ሳይክል ጎታ ሥር አይደበቅም፤ እዚያ ድረስ የተገባው ሌላ ነገር ለመፈለግ ነው።

የቀድሞ መርማሪ (ቡሬ)፦ ጠበቃው ቁጥር 32ን ዘለሉት። ያለ ማዘዣም ቢሆን ቤት መበርበር የሚቻልበት ሁኔታ አለ፤ ወንጀሉ ከ3 ዓመት በላይ የሚያስቀጣ ከሆነና ማዘዣ እስኪወጣ ማስረጃው ይሸሻል ተብሎ ከታመነ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ለአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር የደነገገው ቅጣት ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራት ነው። እንግዲህ ማዘዣው ቢጎድል ምን ይመጣል? መለዋወጫም ቢሆን ትንሽ ዕቃ ነውና ጎታ ሥር ይደበቃል።

ጠበቃ (ደብረ ማርቆስ)፦ የመለዋወጫውን ነገር እቀበላለሁ፤ ፖሊስ ጎታውን ማየቱ ይፈቀድ ይሆናል። ቁጥር 32ን ግን በሙሉ ያንብቡት። አስቀድሞ ክስ ወይም አቤቱታ የቀረበበት ወንጀል መኖር አለበት፤ ማስረጃው በዚያ ቦታ ተደብቋል የሚል ጥቆማ መድረስ አለበት፤ መዘግየቱ ያሸሸዋል የሚያሰኝ በቂ ምክንያትም ያስፈልጋል። በምሳሌው ስለ ካናቢስ አቤት ያለ ሰው የለም። ፖሊስ ስለ ካናቢሱ ያወቀው ፌስታሉን ሲፈታ ነው። ያገኙትን ካዩ በኋላ ምክንያቱን ወደ ኋላ ተመልሶ መሥራት አይቻልም።

የሕግ ተማሪ (ባሕር ዳር)፦ አንድ ነጥብ ላጽዳ። ጉዳዩ የፌዴራል ወንጀል ስለሆነ የወረዳ ፍርድ ቤት ማዘዣ አይሠራም የሚል መከራከሪያ ስሰማ ቆይቻለሁ። ይህ አያስኬድም፤ ሕጉ የብርበራ ማዘዣ በማንኛውም ፍርድ ቤት ሊሰጥ ይችላል ይላል። ጠበቃው ግን ከባዱን ጥያቄ አልመለሱም። ብርበራው ሕገ ወጥ ነው እንበል፤ ስለዚህ ማስረጃው ይጣላል የሚለው የት ተጻፈ? የ1954ቱ ሕግ በዚህ ላይ ዝም ይላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ሲል በግልጽ ጽፏል፤ ስለ ብርበራ ሲናገር ግን እንዲህ አላለም። በአሜሪካ እንኳ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1961 በሕገ ወጥ ብርበራ የተገኘ ማስረጃ በክፍለ ግዛቶችም ችሎት እንዳይቀርብ ከወሰነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ሊዮን በተባለው ተከሳሽ የአደንዛዥ ዕፅ መዝገብ ላይ አላልቶታል፤ ፖሊስ ዳኛ የሰጠውን ማዘዣ በቅን ልቦና ተከትሎ ከሆነ ማስረጃው አይጣልም ብሏል።

መምህርት (ፍኖተ ሰላም)፦ እኔ ሕግ አልተማርኩም፤ የማስተምረው ግን ይህ ፌስታል የሚደርስባቸውን ልጆች ነው። ዓይኑ ፈዝዞ ክፍል የሚገባ ተማሪ አይቻለሁ፤ እናቱ መጥታ ስታለቅስም አይቻለሁ። ፖሊሱ ካጠፋ ፖሊሱ ይቀጣ። የሰፈሩ ልጆች ስለ ምን ይቀጣሉ?

ጠበቃ (ደብረ ማርቆስ)፦ እህቴ፣ ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። ነገር ግን ፖሊሱ ይቀጣ ሲባል ማን ይከስሰዋል? ቤቱ የተበረበረበት ሰው እስር ቤት ነው፤ አቤቱታውን የሚመረምሩት የበርባሪው ባልደረቦች ናቸው። ማስረጃው እስከጸደቀ ድረስ ሕጉን መጣስ ዋጋ አያስከፍልም፤ ዋጋ የማያስከፍል ክልከላ ደግሞ ምክር ብቻ ነው። ለተማሪው፦ የሊዮን መዝገብ አይረዳህም። እዚያ የተሳሳተው ማዘዣውን የሰጠው ዳኛ ነበር፤ ፖሊሶቹ ከማዘዣው አልወጡም። በእኛ ምሳሌ ማዘዣው ደኅና ነው፤ ከማዘዣው የወጣው ፖሊስ ነው። የት ተጻፈ ላልከው አንቀጽ 9ን ተመልከት፤ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን የመንግሥት አካል ውሳኔ ተፈጻሚነት የለውም። ፍርድ ቤትም በአንቀጽ 13 መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ አለበት። ያንን ኤግዚቢት ተቀብሎ የሚፈርድ ችሎት የብርበራው ተካፋይ ይሆናል።

ሽማግሌ (ደጀን)፦ ስለ ሰዓቱ ጠበቃው ካነሱት በኋላ ማንም አልተናገረም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን እሱ ነው። በእኛ አገር በውድቅት በሩ የተደበደበበት ገበሬ መጀመሪያ የሚያስበው ሽፍታ መጣብኝ ብሎ ነው፤ መሣሪያ ካለው ያነሳል። በጨለማ ማን ፖሊስ፣ ማን ወንበዴ እንደሆነ በምን ይለያል? ያ የሰዓት ገደብ የሚያድነው ባለቤቱን ብቻ አይደለም፤ የፖሊሱን ነፍስም ነው። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባሉ ቆመው ይጠይቁ ነበር። ወንጀለኛ የሚለይበት አውጫጭኝም ቢሆን ሕዝብ ተሰብስቦ በአደባባይ ነበር የሚደረገው። ጓዳ በሌሊት አይበረበርም።

የቀድሞ መርማሪ (ቡሬ)፦ በሰዓቱ ላይ ከሽማግሌው ጋር ነኝ፤ በምሽት መሄድ ካስፈለገ ያን ለዳኛው ነግሮ ማስጻፍ ይገባል። ዓይኔ ያየውን ካናቢስ ግን እንዴት ትቼው ልውጣ? ጠዋት አይገኝም።

ጠበቃ (ደብረ ማርቆስ)፦ ትተው አይውጡ። ቤቱን ያስጠብቁ፣ ያዩትን ጽፈው ለዳኛው ያቅርቡ፣ ካናቢሱን በስሙ የጠቀሰ ሁለተኛ ማዘዣ ይዘው ይመለሱ። ተማሪው እንዳለው ማንኛውም ፍርድ ቤት ይሰጣል።

የቀድሞ መርማሪ (ቡሬ)፦ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ሁለት ፖሊስ በተሰማራበት ገጠር አንዱ ቤት ሲጠብቅ ሌላው በእግሩ ወደ ወረዳ ከተማ ሲሄድ፣ የተጠርጣሪው ዘመዶች ቢሰበሰቡ ምን ይሆናል? ይህን የሚመልስልኝ ጠበቃ አላገኘሁም።

የሕግ ተማሪ (ባሕር ዳር)፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ ያ የሰው ኃይል ጥያቄ ነው። ተከሳሾች ግን አንድ ነገር ይወቁ። ተቃውሞው የሚነሳው ኤግዚቢቱ ለችሎት ሲቀርብ ነው፤ ሕጉም ተቃውሞ በቀረበበት ማስረጃ ላይ ፍርድ ቤቱ ወዲያው እንዲወስን ያዝዛል። የማዘዣውን ግልባጭና የተያዙትን ዕቃዎች ዝርዝር ይጠይቁ። ዝርዝሩ ላይ የገለልተኛ ሰው ፊርማ አለመኖሩ ብቻውን ብርበራውን አያፈርስም፤ ሕጉ የሚለው በተቻለ መጠን ነው። የማዘዣውን ዝርዝር ከተያዘው ዕቃ ጋር ማነጻጸር ነው ዋናው።

መምህርት (ፍኖተ ሰላም)፦ ካናቢሱ ማስረጃ አይሆንም ከተባለ ለሰውየው ይመለስለታል?

ጠበቃ (ደብረ ማርቆስ)፦ አይመለስም። ያለ ፈቃድ መያዙ የተከለከለ ነገር ነውና ማንም ንብረቴ ብሎ አይጠይቀውም፤ ፍርድ ቤቱ እንዲወገድ ማዘዝ ይችላል። የማይቻለው በእሱ ላይ ተመሥርቶ ሰውን መቅጣት ነው። ሰውየው ነገ መሸጡን ከቀጠለ ፖሊስ ጥቆማ ተቀብሎ፣ ካናቢስ የሚል ማዘዣ አውጥቶ፣ በቀን ይግባ። ያን ጊዜ ምንም መቃወሚያ አይኖረኝም።

መምህርት (ፍኖተ ሰላም)፦ እስከዚያ ድረስ ያለውን ጊዜ ነው እኔ የምፈራው።